ጣቴ የሰጠው 5 ቮልት

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዤ ተኝቼ ያንኑ ጥያቄ ይዤ ተነሥቻለሁ፦ ሁሉም ነገር ትክክል ከሆነ ለምን አይነሣም? በገዛ እጄ የሠራሁት የባርቤኪው ሙቀት መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው የስክሪኑ መብራት ይበራል፤ በላይኛው መስመር ላይ 16 ድፍን አራት ማዕዘኖች ይደረደራሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ፊደል አይወጣም፣ ቁጥር አይታይም፣ ፋኑም አይዞርም። ብልሽቱ ከተገኘ ወራት አልፈዋል፤ መሣሪያውም ዛሬ በደህና ይሠራል። ይሁን እንጂ የተገኘበት መንገድ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ በተለይም ብልሽቱን ያን ሁሉ ጊዜ ከእኔ የደበቀው የራሴ ጣት መሆኑ አሁንም ይከነክነኛል። ስለዚህ ጽፌ ልገላገለው ወሰንሁ።

መሣሪያው የሚሠራውን በአጭሩ ልናገር። ሥጋን በከሰል ምድጃ በዝግታ የሚያበስል ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ምድጃውን ከ107 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ አሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ ማቆየት ያስፈልጋል፣ ከሰሉ ግን የሚታዘዘው ለአየር ብቻ ነው። በመሆኑም በምድጃው የታችኛው ቀዳዳ ላይ አንዲት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ፋን ትገጠማለች፤ በውስጡ ደግሞ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ቴርሚስተር ይገባል፤ ማይክሮኮንትሮለሩም፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር የሆነው ቺፕ፣ ሙቀቱን እያነበበ ፋኗን ያፈጥናታል ወይም ያዘገያታል። የፋኗን ፍጥነት የሚወስነው ፒአይዲ የሚባለው ስሌት ሲሆን፣ አሁን ያለውን ልዩነት፣ እስካሁን የተጠራቀመውን ልዩነትና ልዩነቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት አንድ ላይ ይመዝናል። እኔ አእምሮ እንዲሆን የመረጥሁት አትሜጋ 328ፒ የተባለውን ባለ 28 እግር ቺፕ ነው። ቢበላሽ በቀላሉ እንድቀይረው ብዬም በቦርዱ ላይ በቀጥታ ከመበየድ ይልቅ በሶኬት ላይ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ በራሱ እግሮች ተበይዶ ቺፑ በሚሰካበት መያዣ ላይ፣ አስቀመጥሁት። ይህን ሶኬት አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ።

አራት ማዕዘኖቹ የሚናገሩት

በኤችዲ 44780 ዓይነት ተቆጣጣሪ ከሚሠሩ ባለ ሁለት መስመር ስክሪኖች ጋር የተጋፈጠ ሁሉ እነዚያን ድፍን ሳጥኖች ያውቃቸዋል። ትርጉማቸውም ግልጽ ነው፤ ስክሪኑ ኤሌክትሪክ አግኝቷል፣ የንፅፅር ማስተካከያውም ልክ ነው፣ ነገር ግን ሥራ እንዲጀምር የሚያዝዘው ማንም አልመጣም። ስክሪኑ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አገልጋይ ነው፤ ጌታው ግን ከእንቅልፉ አልነቃም። ስለዚህ ችግሩ ከቺፑ ዘንድ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄ ነበር፤ የቀረው ቺፑ የማይነቃበትን ምክንያት ማግኘት ነበር።

በቅድሚያ የጠረጠርሁት ፕሮግራሙን ነው። ይህን ያደረግሁት ምልክቱ ወደ ፕሮግራሙ ስላመለከተኝ ቢሆን ኖሮ ባላፈርሁ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከሥራው ሁሉ የሚያስደስተኝ ፕሮግራሙን መነካካት ስለሆነ፣ ወንበር ላይ ተደላድሎ ኮድ ማንበብም ቦርድ ገልብጦ በማጉያ መነጽር ብየዳ ከመመርመር ስለሚቀልል ወደሚቀልለኝ ሄድሁ። ሁለት ምሽት መስመር በመስመር አነበብሁ፤ ሦስት የማይረቡ ስሕተቶችም አገኘሁ፤ አንዳቸውም መሣሪያውን እንዳይነሣ የሚያደርጉ አልነበሩም።

ቀጥዬ የፊውዝ ቅንብሩን፣ ማለትም ቺፑ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስነውን በውስጡ የተጻፈ ቅንብር፣ አየሁ። አትሜጋ 328ፒ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱን 8 ሜጋኸርትዝ ሰዓት ለ8 አካፍሎ በ1 ሜጋኸርትዝ እንዲሠራ ሆኖ ነው፤ የሥራውን ምት የሚሰጠውን የውጭ ክሪስታል እንዲጠቀም ካልተነገረው ባለ 16 ሜጋኸርትዙ ክሪስታል አጠገቡ ቢቀመጥም ዞር ብሎ አያየውም። አነበብሁት፤ ልክ ነበር። ቮልቴጁ ከ4.3 በታች ሲወርድ ቺፑን የሚያቆመው መከላከያም እንደፈለግሁት ተቀናብሯል። ቺፑን ከሶኬቱ ነቅዬ በሌላ የሙከራ ቦርድ ላይ ስተክለው በደስታ ሠራ፤ ወደ ቤቱ ስመልሰው ግን ያው አራት ማዕዘን።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ለማንም የማልመክረው ነገር ነው፤ ሳልለካ መቀየር ጀመርሁ። ክሪስታሉን ቀየርሁ፣ አብረውት ያሉትን ሁለት ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች ቀየርሁ፣ ስክሪኑን በአዲስ ተካሁ። ክሪስታሉን ስነቅል ከመጠን በላይ አሙቄው ኖሮ ከቦርዱ ላይ አንዲት የመዳብ ክብ ተላጣ መጣች፤ እርሷን በቀጭን ሽቦ መልሶ ለመቀጠል ሌላ ምሽት ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። አሁን ቦርዱ ላይ ከመጀመሪያው ብልሽት በተጨማሪ እኔ የጨመርሁበት ጠባሳ አለ።

ያልዋሸው መልቲሜትር

ከዚያ ቮልት በሚለካው መልቲሜትር ወደ ልኬት ተመለስሁ፤ ደብተርም ያዝሁ። ከአዳፕተሩ 12.1 ቮልት ይመጣል። 12ቱን ወደ 5 የሚያወርደው ሬጉሌተር መውጫው ላይ 5.02 ያሳያል። የቺፑ ዋና የኤሌክትሪክ መግቢያ የሆነው 7ኛው እግር 5.02፤ የሙቀት ንባቡን ክፍል የሚመግበው 20ኛው እግር 5.02፤ ቺፑን እንደገና የሚያስጀምረው 1ኛው እግር 5.01፣ ይኸውም ማንም ወደ ታች አልያዘውም ማለት ነው። 8ኛውና 22ኛው እግሮች ከመሬት ጋር ተገናኝተዋል። ይህን ሁሉ በተለያዩ ምሽቶች አራት ጊዜ ያህል ደጋግሜ ለካሁ፤ ቁጥሮቹ ከመጨረሻው አሃዝ በቀር አልተለወጡም። በደብተሬም ላይ «ኤሌክትሪኩ ቺፑ ዘንድ ደርሷል» ብዬ ጻፍሁና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ያቺ የተሰመረባት መስመር የሦስቱ ሳምንታት ግንብ ሆነች። ከእርሷ ወዲህ ያለውን ሁሉ ጠረጠርሁ፣ ከእርሷ ወዲያ ያለውን ግን አንድም ቀን ተመልሼ አላየሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ሳልጠረጥር የቀረሁ አይመስለኝም ነበር፤ ለክቻለሁ እኮ! በቁጥር የተጻፈ፣ አራት ጊዜ የተደገመ ማስረጃ በእጄ ነበር። መልቲሜትሩም አልዋሸኝም፤ ያነበበልኝ ሁሉ ባነበበበት ቅጽበት እውነት ነበር። እኔ ሳላስተውል የቀረሁት የዚያን ቅጽበት ሁኔታ ነው።

ሁለት ነገሮች አብረው ሠርተውብኛል። አንደኛው የመለኪያ ልማዴ ነው፤ የመልቲሜትሩን መንኪያ ጫፍ ከቺፑ እግር ላይ እንዳይንሸራተት ጠንከር አድርጌ እጫናለሁ፣ ቁጥሩ ሲረጋ ወዲያው ወደ ቀጣዩ እግር እሄዳለሁ፤ ለእያንዳንዱ እግር የምሰጠው ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰኮንድ ነው። ሁለተኛው በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የጻፍሁት መዘግየት ነው። የዚህ ዓይነት ስክሪን ኤሌክትሪክ ካገኘ በኋላ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ 40 ሚሊሰኮንድ ያህል ቢሰጠው ይበቃዋል። እኔ ግን «ይረጋጋ» ብዬ ሁለት ሙሉ ሰኮንድ ሰጠሁት። ያን ጊዜ ልግስና መስሎኝ ነበር።

«ጻፈ!»

ነገሩ የተለወጠበት ምሽት ላይ ለአምስተኛ ጊዜ እየለካሁ ነበር፤ ተስፋ ሳይሆን እልህ ነበር የሚያስለካኝ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ትመለከታለች። መልቲሜትሩን 7ኛው እግር ላይ ተጭኜ 5.02 ን ስታይ፣

«አጎቴ፣ ይሄ ነገር ግን መቼ ነው የሚሠራው?» አለችኝ።

ፊቴን ወደ እርሷ መልሼ ላስረዳት ጀመርሁ፤ እጄ ግን ከነበረበት አልተነሣም። ስለ ክሪስታል ምን እንዳልኋት አላስታውስም፤ ንግግሬን ሳልጨርስ ዐይኗ ከፊቴ ላይ ወርዶ ወደ ስክሪኑ ሄደ።

«ጻፈ! ጻፈ!»

ዞር ስል እውነትም አራት ማዕዘኖቹ ጠፍተው በምትካቸው ፊደልና ቁጥር ቆመዋል፤ ምድጃ 23፣ ግብ 110። መልቲሜትሩን ጥዬ ተነሣሁ። ሦስት ሳምንት የተጠበቀ ነገር በመጣ ጊዜ ሰው ለምን እንደመጣ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ምናልባት ክሪስታሉ ዘግይቶ ይሆናል፣ ምናልባት አንዱ ሽቦ ላልቶ ነበር እያልሁ ለራሴ ስም ያልወጣለት ፈውስ ሰጠሁት። የሞቀ ውሃ በኩባያ አመጣሁና ቴርሚስተሩን ነከርሁበት።

«ቁጥሩ ለምን ዝም አለ?» አለች ልጅቱ።

«ቆይ ጠብቂ፤ ብረቱ እስኪሞቅ ነው» አልኋት። ቴርሚስተሩ በብረት ዘንግ ውስጥ ስላለ ለመሞቅ ጥቂት ሰኮንዶች እንደሚወስድ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ደቂቃ ሞላ፤ ሁለት ሞላ፤ 23 እንደተተከለ ነው። እጄን ውሃው ውስጥ ብከት አወጣው ነበር፤ ያን ያህል ይሞቅ ነበር። ይህ ብቻ አይደለም፤ ምድጃው 23፣ ግቡ 110 ከሆነ ፋኗ ባላት ኃይል ሁሉ መዞር ነበረባት። ፋኗ ግን ጸጥ ብላለች። ያኔ አንድ ቀዝቃዛ ሐሳብ ከጀርባዬ ወደ ላይ ወጣ፤ እየተመለከትሁት ያለሁት የሚሠራ መሣሪያ አልነበረም። ለጥቂት ሰኮንዶች ነቅቶ፣ አንድ ጊዜ ጽፎ፣ ተመልሶ የሞተ መሣሪያ ነበር። ስክሪኑ የራሱ ማስታወሻና የራሱ ኤሌክትሪክ ስላለው፣ ከቺፑ የሰማውን የመጨረሻ ቃል ይዞ ቀርቷል።

መሣሪያውን አጥፍቼ አበራሁት፤ አራት ማዕዘኖች። ይህን ጊዜ መልቲሜትሩን ትቼ አንድ የእንጨት ዘንግ አነሣሁና 7ኛውን እግር ወደ ታች ተጫንሁት። አንድ፣ ሁለት፤ ጻፈ። ፋኗም ፉጨት አሰማች። እንጨቱን አነሣሁ፤ ፋኗ ቆመች፣ ጽሑፉ ቀረ። በደብተሬ ላይ አራት ጊዜ የጻፍሁት 5.02 ቮልት ከሬጉሌተሩ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የእኔ ጣት ግፊት በመሃል ድልድይ ሆኖት ነበር። ስለካ እጠግነዋለሁ፣ ሲነቃ ሁለት ሰኮንድ ይጠብቃል፣ እርሱ ሳይጽፍ እኔ አንሥቼ እሄዳለሁ፤ እንዲህ ስንተላለፍ ሦስት ሳምንት አለፈ። ዐይኔ ደግሞ በዚያች አንዲት ሰኮንድ ሁልጊዜ መልቲሜትሩ ላይ እንጂ መሣሪያው ላይ አልነበረም።

ከሁሉ ያማረችው ነጠብጣብ

የቀረው ክፍተቱ የት እንደሆነ ማየት ነበር። ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ መልቲሜትሩን በድምፅ ወደሚያሳውቀው የመገናኘት መፈተሻ አዞርሁት፤ አንዱን ጫፍ ከቦርዱ ሥር ካለው የ7ኛው እግር ብየዳ ጋር፣ ሌላውን በትንሽ መቆንጠጫ ከቺፑ እግር ጋር፣ ምንም ሳልጫን አገናኘሁ። ዝምታ። ቺፑን በእንጨቱ ስጫነው ጮኸ፤ ስለቅቀው ዝም አለ። በዚያው መቆንጠጫ ኤሌክትሪኩን አብርቼ ስለካ ደግሞ 4 ቮልት የማይሞላ፣ ወዲያና ወዲህ የሚል ቁጥር አየሁ። ይህ በሌሎቹ እግሮች በኩል፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ በቺፑ ውስጥ ባሉ መከላከያ ዳዮዶች ሾልኮ የሚገባ ርዝራዥ ነው። መከላከያውን በ4.3 ቮልት ላይ ስላደረግሁት ቺፑ በዚህ ርዝራዥ ለመነሣት እምቢ ብሏል፤ ልክም ነበር። መከላከያው ባይኖር ኖሮ ግማሽ ነቅቶ፣ አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ እየቀባጠረ፣ ከሦስት ሳምንት ይልቅ ሦስት ወር ያሳበደኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቦርዱን ገልብጬ የሶኬቱን 28 ብየዳዎች በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ተመለከትሁ። ከዚያ በፊት አይቻቸው ነበር፤ ነገር ግን የፈለግሁት የተሰነጠቀ፣ የደበዘዘ ወይም የጎደለ ብየዳ ነበር። አሁን ግን ጥያቄዬ ተለውጦ ስለነበር ሌላ ነገር አየሁ። 27ቱ ብየዳዎች መሃላቸው ላይ የእግሩ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ትንሽ ሸካራ ናቸው። 7ኛው ግን ክብ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ጤዛ ጠብታ የሞላ ነው። ከሁሉም ያማረው እርሱ ነበር፤ ያማረውም በውስጡ እግር ስለሌለ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ብየዳዬን ስመረምር ዐይኔ በዚያ ብየዳ ላይ ደጋግሞ በእርካታ ማለፉን አስታውሳለሁ።

ሶኬቱን በሙሉ ነቅሎ ማውጣት ቦርዱን ይጎዳል፤ 28ቱንም ብየዳዎች በእኔ መበየጃ በአንድ ጊዜ ማቅለጥ አይቻልምና። ስለዚህ ሶኬቱን መሥዋዕት አደረግሁት፤ ፕላስቲኩን በመቁረጫ ሰባብሬ እግሮቹን አንድ በአንድ እያሞቅሁ መዘዝኋቸው። ከፕላስቲኩ ሥር 7ኛው እግር ተገኘ፤ ሶኬቱን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ስጫን ቀዳዳውን ስቶ እንደ ጉልበት ታጥፎ ከፕላስቲኩና ከቦርዱ መካከል ተኝቷል። ከላይ ሲጫኑት የመዳቡን ክብ ይነካል፤ ሲለቅቁት በጥቂቱ ይነሣል። ይህ ሁሉ የሆነው በመጀመሪያው ቀን፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። አዲሱን ሶኬት ከመበየዴ በፊት ቦርዱን ገልብጬ የ28ቱን እግሮች ጫፍ ቆጠርሁ፤ ከዚያም ደግሜ ቆጠርሁ።

የምትርገበገበው ነጥብ

መሣሪያው በዚያው ምሽት ተነሣ፤ ይህ ግን ብዙም አላስደሰተኝም፤ ልቤ ያለው በዚያ በተተከለው 23 ላይ ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሞተው ቺፕ ስክሪኑ ላይ የተወው ቁጥር ማንንም አልጎዳም። ይኸው ነገር ሥጋው በገባ በስድስተኛው ሰዓት፣ ሌሊት፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ቢሆንስ? ስክሪኑ 110 እንዳለ ይቀራል፤ ፋኗ ቆማ ከሰሉ ይጠፋል፤ ሥጋው ቀስ በቀስ ወደማይበላበት ለብታ ይወርዳል፤ እኔም በየሰዓቱ ብቅ ብዬ 110 ን አይቼ፣ በሥራዬ ኮርቼ እመለሳለሁ። ከአራት ማዕዘኖቹ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አራት ማዕዘኖቹ ቢያንስ የመሣሪያውን አለመነሣት አልደበቁም።

ስለዚህ ፕሮግራሙን እንደገና ከፈትሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን ለመደሰት አይደለም። የሁለቱን ሰኮንድ መዘግየት ወደ 100 ሚሊሰኮንድ አወረድሁት። ሲነሣ ፋኗ ለግማሽ ሰኮንድ እንድትዞር አደረግሁ፤ መነሣቱን ዐይኔ ባያይ ጆሮዬ ይሰማል። አትሜጋ 328ፒ እንደገና ሲነሣ ምን እንዳስነሣው የሚመዘግብበት ትንሽ ቦታ አለው፤ ኤሌክትሪክ ገና መጥቶለት ይሁን፣ ቮልቴጁ ወርዶበት ይሁን፣ ወይስ ፕሮግራሙ ሲንጠለጠል ዋችዶግ የተባለው ጠባቂ ቀስቅሶት፤ ያንን አንብቦ በስክሪኑ ጥግ ላይ በአንድ ፊደል እንዲያሳየኝ አደረግሁ። ዋችዶጉንም አነቃሁት፤ ምንም እንኳ ኤሌክትሪክ ለተቋረጠበት ቺፕ ዋችዶግ ምንም ሊያደርግለት ባይችልም። በመጨረሻም በቁጥሩ ቀኝ አንዲት ነጥብ ጨመርሁ፤ ፕሮግራሙ አዲስ ንባብ በወሰደ ቁጥር ትበራለች ወይም ትጠፋለች። ነጥቧ ከቆመች ቁጥሩ ያለፈ ዜና ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ከሞላ ጎደል ሳልተኛ ነው ያሳለፍሁት። ከሰሉን ከለኮስሁ በኋላ ሙቀቱ ወደ 118 ተስፈንጥሮ ነበር፤ የተጠራቀመውን ልዩነት የሚይዘው የስሌቱ ክፍል ከሚገባው በላይ ጠንክሮ ኖሮ ሁለት ጊዜ ቀነስሁት። ከዚያ በኋላ 109፣ 110፣ 111 እያለ ተረጋጋ። የእህቴ ልጅ ከመተኛቷ በፊት ስክሪኑን በአትኩሮት አይታ «ነጥቧ አለች» ብላኝ ሄደች። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ተነሥቼ ስወጣ 111 ይላል። ጥቂት ቆይቼ ድጋሚ ስወጣ 111። ለሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ያው 111 ነው፤ ፋኗም በዚያች ሰዓት አትዞርም። በጨለማው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ከቁጥሩ በስተቀኝ ያለችውን ቦታ ተመለከትሁ። በራች፤ ጠፋች፤ በራች። እጄን በምድጃው ክዳን ላይ ለማሳረፍ ፈልጌ ነበር፤ ግን ተውሁት፤ ምንም ሳልነካ ተመልሼ ተኛሁ።